«ኤክሶርሲስት 2»፦ ፍርሃቱ የጠፋበት ተከታይ

«ኤክሶርሲስት 2፦ መናፍቁ» በሰኔ 1977 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የሆረር ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ተመልካችን ስላሳዘኑ ተከታይ ፊልሞች ወሬ ከተነሳ ስሙ አይቀርም።

የቀደመው ተራ ፊልም አልነበረም። በ1973 መጨረሻ የወጣው የዊልያም ፍሪድኪን «ኤክሶርሲስት» ለ10 ኦስካር ታጭቶ 2 ወስዷል። ርኩስ መንፈስ የያዛት የ12 ዓመት ልጅ፣ አልጋዋ አጠገብ የቆሙ ሁለት ካህናት፣ አንድ ክፍል። ክፍሉ የምር እንዲቀዘቅዝ ስለተደረገ የተዋንያኑ ትንፋሽ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል።

ሁለተኛውን ፍሪድኪንም፣ ደራሲው ዊልያም ፒተር ብላቲም አልሠራም አሉ። እናትየዋን የተጫወተችው ኤለን በርስቲንም እምቢ አለች። የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ ሥራውን ለእንግሊዛዊው ዳይሬክተር ጆን ቡርማን ሰጠ። ቡርማን ደግሞ የመጀመሪያው ፊልም ቀርቦለት ያልተቀበለ ሰው ነው። ሕፃን ልጅ የምትሰቃይበት ታሪክ አልተዋጠለትም። ተከታዩን የተቀበለው ስለ ክፋት ሳይሆን ስለ በጎነት የሚናገር ፊልም ለመሥራት ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ትኬት የቆረጠው ሰው ግን የመጣው ሊፈራ ነው።

ታሪኩ ከአራት ዓመት በኋላ ይቀጥላል። መንፈሱ ይዟት የነበረችው ልጅ ሬገን (ሊንዳ ብሌር) አሁን ኒው ዮርክ ትኖራለች። አባ ላሞንት (ሪቻርድ በርተን) በመጀመሪያው ፊልም ከሁለቱ ካህናት አንዱ የነበሩትን የአባ ሜሪንን አሟሟት እንዲያጣሩ ይላካሉ። የሬገን ሐኪም (ሉዊዝ ፍሌቸር) ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ በሂፕኖሲስ (እንደ እንቅልፍ ባለ ሰመመን) የምታገናኝበት ማሽን አላት። ሰዎቹ ጭንቅላታቸው ላይ ማሰሪያ አድርገው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ላይ ያፈጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ትዝታ ያያል። ፊልሙ ተመልካቹን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ካህን የተጠራው ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ ሞክረው ሲያቅታቸው ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር። እዚህ ግን መንፈሱን በማሽን ይፈልጉታል።

ከዚያ ጉዞው ወደ አፍሪካ ይሆናል። ሜሪን ከብዙ ዓመት በፊት ኮኩሞ ከተባለ ልጅ ላይ ያንኑ መንፈስ ያስወጡት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ገደል ላይ ይታያል። ወደዚያ የሚወጣው ሰው በሁለት ቋጥኞች መሀል ጀርባውን ባንዱ፣ እግሩን በሌላው ተደግፎ ነው። ላሊበላን ወይም ደብረ ዳሞን የሚያውቅ ምን እንደታሰበ ወዲያው ይገባዋል። የተቀረጸው ግን ሰው ሠራሽ ዐለት ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። ኮኩሞም የዮሩባ ስም ነው። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ጠበሉ፣ መቁጠሪያውና አጥማቂው ባለበት አገር ልጁን ለማዳን የውጭ ካህን ማስመጣት ለምን አስፈለገ?

መንፈሱ ፓዙዙ ይባላል፤ የጥንት ሜሶጶጣሚያ ሰዎች የነፋስ ጋኔን ነው። ፊልሙ እንደ አንበጣ መንጋ ያመጣዋል። ያደገው ኮኩሞ (ጄምስ ኤርል ጆንስ) ደግሞ አንበጣ ተመራማሪ ሆኗል። አንበጦች ክንፍ ለክንፍ ሲነካኩ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ይህን ሰንሰለት የምትበጥስ አንዲት በጎ አንበጣ ለማራባት ይጥራል። የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ከእውነቱም ብዙ አይርቅም። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ጭምት ነው። ሲጨናነቅና የኋላ እግሩ ሲነካካ ሰውነቱ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ ኬሚካል ይጨምራል፤ ከብቸኝነት ወደ መንጋ ይዞራል፣ ቆይቶም ቀለሙ ይለወጣል። በ2020 መንጋው የወረደበት የወሎና የሐረርጌ ገበሬ ይህን ጋኔን ያለ ፊልምም ያውቀዋል።

ቀረጻውም ፈተና ነበር። ከእንግሊዝ የመጡት 2,500 አንበጦች በየቀኑ ይረግፉ ነበር። ቡርማን በአቧራ በሚመጣ የሳንባ በሽታ ታሞ ሥራው ቆመ። ብሌር የጋኔኑን ሜካፕ ዳግም አልቀባም ስላለች ሌላ ሰው ተተካ።

ወጪው 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ፊልሙ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ቡርማንም በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ ቆራረጠው። አሜሪካ ውስጥ 30 ሚሊዮን ያህል አስገብቷል፤ ከመጀመሪያው ጋር ግን አይነጻጸርም። ወዳጅ አላጣም፤ ታዋቂው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ በግልጽ አወድሶታል። የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ ደግሞ ለብቻው ቢሰማም ያስደነግጣል።

ብላቲ በ1990 ሦስተኛውን ራሱ ዳይሬክት ሲያደርግ ሁለተኛውን እንዳልነበረ ቆጥሮ አለፈው። በ2004 እና በ2005 ስለ ሜሪን ወጣትነት ሁለት የተለያዩ ፊልሞች ወጡ፤ ቦታው አሁን ኬንያ ሆነ፣ የኮኩሞም ታሪክ ተተወ። በ2023 በወጣ አዲስ የ«ኤክሶርሲስት» ፊልም በርስቲን ከ50 ዓመት በኋላ ወደ እናትየዋ ሚና ተመለሰች። የፊልም ኩባንያው ዩኒቨርሳል ለሦስት አዳዲስ ፊልሞች መብት 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ነበር፤ ከሦስቱ የመጀመሪያ የሆነው ይኸው የ2023 ፊልም ግን ተቺዎችን አላስደሰተም። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ጎርደን ግሪን ለቀቀ፤ ቀጣዩ ፊልም ለማይክ ፍላናጋን ተሰጠ።