አሚሎይድ ፕላክ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ «ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አልዛይመርን ይዞ ይወለዳል፤ የአእምሮ እድገቱን የሚያዘገየውም አንጎሉ ላይ የተጋገረው ፕሮቲን ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ፕላክ ከነርቭ ሕዋሳት ውጭ፣ በመካከላቸው የሚቆለል የቤታ አሚሎይድ ክምችት ነው። በሕዋሱ ውስጥ የሚተበተበው ታው ሌላ ፕሮቲን ነውና ሁለቱ ባይደባለቁ እወዳለሁ። ቤታ አሚሎይድ ኤፒፒ ከተባለ ረጅም ፕሮቲን ተቆርጦ የሚወድቅ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሲቆርጥ ወለሉ ላይ እንደሚወድቀው ብጣሽ በሁላችንም አንጎል ይወድቃል፣ ይጠረጋልም። የኤፒፒ ዘረ መል ያለው በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ ክሮሞዞሙ ሦስት በሆነበት ሰው፣ ዳውን ሲንድሮም ማለትም ይኸው ነው፣ ጨርቁ በአንድ ተኩል እጥፍ ይመጣል፤ ብጣሹም ጠራጊው ከሚችለው በላይ ይሆናል። 42 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ያሉት ብጣሽ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ምሳሌዬ የሚላላውም እዚህ ላይ ነው፣ ጨርቅ እንዲህ አያደርግምና።

ሆኖም ወለሉ ብጣሽ ስለሞላ ልብስ ሰፊው በዚያው ቀን ሥራ አያቆምም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች 40 ዓመት ሲሞላቸው ፕላክ የማይገኝበት አንጎል እምብዛም የለም፤ የመርሳት ምልክቱ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነቱ በአንጻሩ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነው፤ ታዲያ ገና ያልተቆለለ ነገር እንዴት ምክንያቱ ይሆናል? ፕላክ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ክሮሞዞማቸው ሁለት ሆኖ የኤፒፒ ዘረ መል ብቻ በተደገመባቸው ቤተሰቦችም አልዛይመር ያለ ዕድሜው ይመጣል።

«ፕላክ ተገኘ» ሲባልም የአንጎሉ ናሙና በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የተነከረው በየትኛው ማቅለሚያ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሙያዬ አመል ነው። ኮንጎ ሬድ በተባለው ማቅለሚያ የተነከረው የፕላኩ ጥቅጥቅ ያለ እምብርት በፖላራይዝድ ብርሃን (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን) ሥር እንደ አረንጓዴ ፖም ያበራል፤ በወጣትነት ቀድሞ የሚመጣው ጥጥ መሰል ልል ክምችት ግን በዚህ ማቅለሚያ አይታይም፣ የብር ማቅለሚያ ወይም ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል።

የተንታኙ አባባል የሚያሳስበኝ ክሊኒክ ሲደርስ ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት የ40 ዓመት ሰው መርሳት ሲጀምር «ድሮም አልዛይመር አለበት» ተብሎ ከታለፈ፣ በዚህ ዕድሜ የሚያዘወትሩት የታይሮይድ ማነስ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ፣ የመስማት ችግርና ድባቴ ሳይመረመሩ ይቀራሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው።