«አፍ ካለህ ይበቃል» እና ሌሎች የባህል ጋዜጠኝነት ተረቶች

ጎንደር ውስጥ የኪነ ጥበብና የባህል ጋዜጠኛ መሆን የሚፈልግ ወጣት ከዘመድም ከዜና ክፍልም የሚሰማው አንድ ነው፦ «እሱማ ቀላሉ ዘርፍ ነው፤ አፍ ካለህ ይበቃል»። ይህ አባባል ሰልችቶናል፤ ብዙ የተበላሸ ዘገባም የሚወለደው ከዚሁ ነው።

የአዝማሪ ምሽትን እንውሰድ። ስልኩን አውጥቶ የቀረጸ ሁሉ ዘገባ ያገኘ ይመስለዋል። ግን ስንኙ የማን ነው? እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ከሰጠ አዝማሪው በዜማ የሚያወጣው የእንግዳውን ቃል ነው፤ ሌላውን እዚያው ራሱ ይገጥመዋል። ሁለቱን ሳይለይ «አዝማሪው እንዲህ አለ» ብሎ የሚጽፍ ዘጋቢ የአንዱን ቃል ለሌላው ይሰጣል። መቅረጫው ከድምፅ ማጉያው ይራቅ፤ አጠገቡ ከሆነ ቃሉ በመሰንቆው ይዋጣል። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ በግምት አይጻፍም፤ ባለሙያው ይጠየቃል። የተገለበጠው ስንኝ በማግስቱ ለራሱ ለአዝማሪው ይነበብለት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ወርቁ በማጥበቅ ላይ ያረፈ ግጥም ያለ ማብራሪያ ከታተመ ለአንባቢ የሚደርሰው ሰሙ ብቻ ነው። ደግሞም በእንግዳ ላይ የተወረወረ ቀልድ ለቤቱ የተባለ ነውና ስም ጠርቶ ለማተም ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ባህል ዘጋቢ ሥራ የሚኖረው በጥምቀት ነው» ይባላል። ለጥምቀትም ቢሆን ጥር 11 የሚደርስ ዘጋቢ ዘግይቷል፤ ታቦታቱ የሚወርዱት ጥር 10 በከተራ ነው። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው። ማን ያጸዳዋል? ውሃው በየት ይገባል? በግንቡ ላይ የተጠመጠመው የዛፍ ሥር ድንጋዩን ምን እያደረገው ነው? ይህ የሚጠየቀው ሕዝቡ ሳይሰበሰብ፣ ኃላፊዎቹም ጊዜ ሳያጡ ነው። የዩኔስኮው ምዝገባም አይደባለቅ፦ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት፣ ጥምቀት በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት፤ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር።

«መተቸት መሳደብ ነው»። አይደለም፤ የትኛው ትዕይንት ለምን እንዳልሠራ ማሳየት ነው።

«ነፃ መግቢያ የሰጠ ምስጋና ይገባዋል»። በጽሑፉ ውስጥ አይገባውም።

«ሥዕል ለማየት ዓይን ይበቃል»። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥዕል ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ቀለሙ ደማቅና ጥላ አልባ ነው፤ በ18ኛው ግን ፊት በጥላ ይቀረጻል፣ ልብሱ ያጌጣል። ይህን የማይለይ ሁሉንም «ጥንታዊና ድንቅ» ብሎ ያልፋል፤ አንባቢውም ምን እንዳየ ሳያውቅ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስታወሻ ደብተር ይዞ መግባት ይሻላል፤ ፎቶ ከተፈቀደም ያለ ፍላሽ ይነሣ።