የመዝናኛ ፓርክ ስለሚወድ ጎልማሳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃን ከተማ በማሽን ጥገና ሙያ የምተዳደር፣ ዕድሜዬ ከ40 ያለፈ፣ ልጅ የሌለኝ ሰው ነኝ። እንዲህም ሆኖ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ባሉ የመዝናኛ ፓርኮች ሙሉ ቀን እውላለሁ፤ በዐረብ ኤምሬቶች በሠራሁባቸው ዓመታትም የዕረፍት ቀኔን ብዙ ጊዜ ያሳለፍኩት በዚሁ ነበር። ይህን የሚሰሙ ሰዎች የሚሰጡኝ አስተያየት በጥቂት አመለካከቶች ላይ የቆመ ነው። አመለካከቶቹ ብዙ ጎልማሶችን ከአንድ መልካም ነገር እንዳራቁ ስለማምን አንድ በአንድ ላነሣቸው እወዳለሁ።

«የመዝናኛ ፓርክ የተሠራው ለልጆች ነው።»

አዘውትሬ የምሰማው ይህንን ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ከሁሉም ዕድሜ ጠገብ የሚባለው ከኮፐንሃገን በስተሰሜን የሚገኘው የዴንማርኩ ባከን ሲሆን፣ አጀማመሩ እ.ኤ.አ. ወደ 1583 ይመለሳል። ሕዝቡ መጀመሪያ ወደ ስፍራው ይጎርፍ የነበረው እኛ ጠበል ፍለጋ እንደምንሄደው ሁሉ ፈውስ ይሰጣል ተብሎ ወደ ታመነበት ምንጭ ነበር፤ ነጋዴውና አጫዋቹም ያንን ሕዝብ ተከትሎ በዚያው ሠፈረ። እዚያው ኮፐንሃገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1843 የተከፈተው ቲቮሊም ከተሜው የሚንሸራሸርበት፣ ሙዚቃ የሚያደምጥበት የአትክልት ስፍራ ሆኖ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ የቆመው የፌሪስ ትልቅ መንኰራኵር ደግሞ ፓሪስ በኤፍል ማማ ላሳየችው ጥበብ አሜሪካኖች የሰጡት መልስ ነበር። ቁመቱ 80 ሜትር ያህል ሆኖ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 60 ሰው የሚይዙ 36 ክፍሎች ተንጠልጥለውበት ነበርና በአንድ ጊዜ ከ2,000 ሰው በላይ ይሸከም ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል ብረት የቆመው ሕፃናትን ለማባበል ተብሎ አይደለም።

ዛሬ ስሙ ከልጆች ጋር ተጣምሮ የሚጠራው አሜሪካዊው የካርቱን ፊልም ሠሪ ዋልት ዲዝኒ እንኳ ሐሳቡ እንዴት እንደ መጣለት ሲናገር፣ ሴት ልጆቹ በሚዞሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይመለከት እንደ ነበር ያስታውሳል። የጎደለው ሆኖ የታየው ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ስፍራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድም የተጠነሰሰው ከዚያ አግዳሚ ወንበር ነው። ስለዚህ ልጁን መጫወቻው ላይ አሳፍሮ በር ላይ ቦርሳና ጃኬት ይዞ የሚጠብቅ አባት ባየሁ ቁጥር፣ ስፍራው የታሰበለት ዋና ሰው ውጭ መቅረቱን አስባለሁ።

«ጨዋታ ለልጅ ነው» የሚለው አነጋገር ከእኛ ከሰሜን ሸዋዎች ልማድ ጋርም አይገጥምም። በገና ሜዳ ላይ ዱላ ይዞ ሩር የሚያሳድደው ጢሙ ያቀመቀመና ባለትዳር የሆነ ሰው ነው፤ ጉግስ የሚጋልበውም በፈረስ አያያዙ የተመሰገነ አዋቂ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ጌታውም ሎሌውም በአንድ ሜዳ ስለሚጫወቱ እንጂ ጌታው ዳር ቆሞ ስለሚመለከት አይደለም።

«ያለ ልጅ፣ ያለ ጓደኛ ብቻውን የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ጎድሎታል።»

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። በውጭ አገር ባሉ ትልልቅ ፓርኮች ብቻውን ለመጣ ሰው የተለየ ሰልፍ እስከ መዘጋጀት ተደርሷል፤ ባለ ሁለት መቀመጫው ላይ ሦስት ሆነው የመጡ ሰዎች የሚተዉትን ባዶ ቦታ የሚሞላው እርሱ ነውና ተራው ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ይደርሰዋል። ከዚያም ባሻገር ብቻውን የሄደ ሰው የወደደውን መጫወቻ አምስት ጊዜ ቢደጋግም የሚሰለችበት ሰው የለም።

«ደስታው መጮኽና መፍራት ብቻ ነው፤ አዋቂ የሚረዳው ነገር የለውም።»

እኔ ከዚህ የራቀ አባባል አላውቅም፤ የመዝናኛ ፓርክ ዕድሜ ሲጨምር ይበልጥ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ባለው ጠመዝማዛ ሐዲድ ላይ ሰው አሳፍሮ የሚሮጠውን የመጫወቻ ባቡር፣ ሮለር ኮስተርን እንውሰድ። ብዙ ሰው ባቡሩን እስከ መጨረሻ የሚነዳው ሞተር ያለ ይመስለዋል። በተለመደው ዓይነት ግን ሞተሩ የሚሠራው ሰንሰለቱ ባቡሩን እስከ መጀመሪያው ዳገት ጫፍ እስኪጎትተው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ በከፍታው በተጠራቀመው ጉልበትና በመሬት ስበት የሚሄድ ነው። ቀጣዮቹ ዳገቶች ከፊተኛው እያነሱ የሚሠሩትም ሰበቃና ነፋስ ከዚያ ጉልበት እየቀነሱ ስለሚሄዱ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ከበታቻችን የሚሰማው «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሕፃን ሳለሁ ብሰማው ያስፈራኝ ነበር፤ አሁን ግን ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የብረት ጥርስ በየእርከኑ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ መሆኑን ስለማውቅ፣ ከእርሱ የሚያረጋጋ ነገር የለም።

ሙሉ ዙር የሚገለበጠውን ሐዲድ አስተውሎ ያየ ሰው ቅርጹ ክብ ሳይሆን የተገለበጠ የእንባ ጠብታ እንደሚመስል ይደርስበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠሩት ግን ክብ ነበሩና፣ ባቡሩ ከታች ሲገባ የሚፈጠረው ድንገተኛ ጫና የተሳፋሪውን አንገት ይጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ሮለር ኮስተር ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል በቀመረው የጠብታ ቅርጽ ኩርባው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ በመሠራቱ፣ ሰው ሳይጎዳ መገልበጥ ቻለ። አንገቴን ወደ መቀመጫው ደግፌ ዙሩን ስገባ ያንን ስሌት በሰውነቴ የማነብ ይመስለኛል።

የመቀመጫ ምርጫም ዕውቀት ይጠይቃል። ከፊት የተቀመጠ ሰው የዳገቱን ጫፍ የሚያልፈው ባቡሩ ገና በዝግታ ሳለ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ግን ፊተኞቹ ፉርጎዎች ቁልቁል ስለሚስቡት ጫፉን በፍጥነት ያልፍና ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር የተጓዘ ሁሉ የዚህን ስሜት ጥቂቱን ያውቀዋል፤ ጆሮ እየደነቆረ፣ ሆድ እየተንሳፈፈ ጠመዝማዛውን መውረድ ማለት ነው። ልዩነቱ በዚያ መንገድ ስሜቱን ያሰላው የለም፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሰከንድ ታስቦበታል። አቡ ዳቢ በሚገኘው ፌራሪ ዎርልድ በተባለው ፓርክ ሰንሰለትም ዳገትም ሳይጠብቅ በአምስት ሰከንድ ያህል ወደ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚወነጨፈው ባቡር ላይ ስቀመጥ፣ አሸዋና ነፍሳት ዓይን እንዳይመቱ መነጽር አድርጉ አሉን። ያን ጊዜ ለዓይናችን ሳይቀር የተጨነቀ ሰው መኖሩን አስቤ ልቤ ተነካ።

«አደገኛ ነው።»

ይህ አመለካከት ግማሽ እውነት ስላለበት በጥንቃቄ መመለስ ይገባዋል። የሮለር ኮስተር ፉርጎ ከሐዲዱ በላይ፣ ከጎኑና ከሥሩ በሦስት ወገን ጎማዎች የተያዘ ነውና እንደ ተራ ባቡር በቀላሉ ተነሥቶ ሊወጣ አይችልም፤ ከአንድ በላይ ባቡር በሚሄድበት ጊዜም ሐዲዱ በክፍሎች ስለሚከፋፈል፣ የፊተኛው ክፍሉን ካልለቀቀ የኋለኛው በፍሬን ይያዛል። ሆኖም ማሽን ያለ ጥገና ማሽን አይደለም፤ ይህንን በሙያዬ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ በአንድ ፓርክ ውስጥ አጫዋቹ የደረት መያዣውን ብረት ሳይፈትሽ ሊያስነሣ ሲል እጄን አንሥቼ አስቁሜዋለሁ። ጥሩ አጫዋች ብረቱን በመዳፉ ወደ ታች ከተጫነ በኋላ ወደ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይስበዋል፤ ይህንን ካላየሁ አልሳፈርም።

ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ የአንገትና የወገብ ችግር ያለበት ሰው እንዳይሳፈር የሚከለክለው ማስታወቂያም ለወግ የተለጠፈ አይደለም። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሣ ሰው ጋቢ ወይም ነጠላ ሳይደርብ አይወጣም፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ግን በሚሽከረከር ነገር አጠገብ ትልቅ አደጋ ነውና፣ ከመሳፈር በፊት አጥፎ ለሚጠብቅ ሰው መስጠት ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ መተው ግዴታ ነው።

«የውሸት ዓለም ነው፤ ቁም ነገር የለበትም።»

የዲዝኒላንድ ቤተ መንግሥት ቁመቱ 23 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከርቀት ሲታይ ግን እጅግ ከፍ ያለ ይመስላል። ምክንያቱም የግድግዳው ድንጋዮች ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እያነሱ እንዲሄዱ ተደርገዋል፤ ዓይናችን ትንሹን «ሩቅ ነው» ብሎ ይተረጉመዋልና። ይህ ሠዓሊዎች ለዘመናት የሚያውቁት ጥበብ ነው፤ እዚህ ግን ሰው በውስጡ የሚሄድበት ሥዕል ሆኗል። ሥዕልን «የውሸት ሰው ነው» ብሎ የሚንቅ ከሌለ፣ ይህንንም መናቅ ተገቢ አይደለም። «ገንዘብ ማባከን ነው» ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፦ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የምከፍለው ይህ ገንዘብ በልቼ ከማልጠግበው የሆቴል ምሳ አይበልጥም።

«ዕድሜው ካለፈ ወዲያ አይሆንም።»

እናቴ የሚያህሉ ጎረቤት አሉኝ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ለዓመታት «ልጄ፣ ከሕፃን ጋር ተጋፍተህ ምን ታገኛለህ?» ሲሉኝ ኖረው፣ ባለፈው ዓመት ለሕክምና አዲስ አበባ ወርደው ሳለ፣ ሐኪማቸው ምንም ክልከላ እንደሌለባቸው ካረጋገጠልን በኋላ ወደ አንድ ፓርክ ወሰድኋቸው። የመረጥሁላቸው ዝግ ብሎ የሚዞረውን ትልቅ መንኰራኵር ነበር። ነጠላቸውን አጥፌ በጉያዬ ያዝሁ፤ እርሳቸው የፊት ለፊቱን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ግማሹን ዙር ዓይናቸውን ጨፍነው ወጡ። ጫፍ ላይ ሰው ለማሳፈር ሲቆም ግን ዓይናቸውን ገለጡና «ደብረ ብርሃን በየት በኩል ነው?» አሉኝ። በሰንዳፋ በኩል ወደሚሄደው አቅጣጫ፣ ከየካ ተራራ ባሻገር በጣቴ አሳየኋቸው። አንድ እጃቸውን ከብረቱ ላይ አንሥተው ግንባራቸው ላይ ጋርደው ተመለከቱ፤ መንኰራኵሩ መውረድ ሲጀምርም «ምነው ቸኮለ?» አሉ።