ኤግዚት ኮድ ምንድን ነው?

አንድ ትእዛዝ ሼል (ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ ሠርቶ ሲጨርስ ቁጥር ትቶ ይሄዳል። 0 ከሆነ ተሳክቷል፤ ከ1 እስከ 255 ያለ ሌላ ቁጥር ከሆነ አልተሳካም። ኤግዚት ኮድ የምንለው ይህን ነው። በራሱ ስክሪን ላይ አይወጣም፤ ማየት የፈለገ ትእዛዙ እንዳበቃ ኤኮ $? ብሎ ይጠይቃል። ትእዛዙ ጨርሶ ካልተገኘ 127፣ ፋይሉ ኖሮ የማስኬድ ፈቃድ ከሌለው 126 ይመጣል።

ቢልድ ስክሪፕት (ፕሮግራሙን ከኮዱ የሚገነቡ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ውስጥ ቀጣዩ እርምጃ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያይ ከሌለ ምን እንደሚመጣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በምንሠራበት ክፍል አይቻለሁ። የቆየ ውጤት የሚያጸዳ እንዲህ ያለ መስመር ሜክፋይላችን (ሜክ የሚባለው የግንባታ መሣሪያ የሚያነበው ፋይል) ውስጥ ነበር፦

ሲዲ ግንባታ; አርኤም -አርኤፍ *

ሲዲ ወደ ፎልደሩ ይገባል፤ አርኤም -አርኤፍ * እዚያ ያገኘውን ሳይጠይቅ ያጠፋል።

አንድ ጓደኛችን ፕሮጀክቱን አዲስ ላፕቶፕ ላይ አውርዶ ሁለት ቀን ከሠራበት በኋላ ማጽጃውን አስኬደው። «ግንባታ» የሚባለው ፎልደር ገና አልተፈጠረም ነበር። ሲዲ መግቢያ አጥቶ ወደቀ። ; ደግሞ የፊተኛው ቢወድቅም ባይወድቅም የኋላውን ያስኬዳል፤ አርኤም እዚያው ዋናው ፎልደር ላይ ሠራ። ወደ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝግቦ የሚያኖር መሣሪያ) ያልገባው የሁለት ቀን ኮድ ጠፋ። ሜክም አልጮኸም፤ በ; የተያያዘ መስመር የሚያስረክበው የመጨረሻውን ትእዛዝ ቁጥር ብቻ ነውና፣ አርኤም 0 መልሶለታል።

በ; ፋንታ && ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር፦

ሲዲ ግንባታ && አርኤም -አርኤፍ *

&& የፊተኛው 0 ካልመለሰ የኋላውን አያስነካም። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ይሞላል፣ ውሃው ይባረካል፣ ከዚያ ወጣቶቹ ዘለው ይገባሉ። ውሃው ሳይሞላ የሚዘል የለም። && ይህን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ ; ባዶው ድንጋይ ላይም ያዘልላል።

ታዲያ ሰው ለምን በ; ያያይዛል? ሜክ እያንዳንዱን መስመር በአዲስ ሼል ስለሚያስኬድ ነው። ሲዲን ለብቻው አንድ መስመር ላይ ብትጽፉት ቀጣዩ መስመር ከዋናው ፎልደር ይጀምራል። ስለዚህ ማያያዝ ግድ ነው፤ ስህተቱ ማያያዣው ላይ ነው።

ትእዛዝ እየደጋገመ የሚያስኬደው ፎር ሉፕም ያው ነው። አምስት ንኡስ ፎልደሮችን እየዞረ ሲገነባ ሁለተኛው ቢወድቅና አምስተኛው ቢሳካ፣ ሉፑ 0 መልሶ ይወጣል። ውስጡ ያለው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ || ኤግዚት 1 (ከወደቀ በ1 ውጣ) መጨመር ያስፈልጋል። በ| የተቀጣጠሉ፣ የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ የሚተላለፍባቸው ትእዛዞችም የኋለኛውን ቁጥር ብቻ ያሳያሉ፤ ባሽ በሚባለው ሼል ላይ ፓይፕፌይል የሚባለውን አማራጭ ማብራት ነው።

ስክሪፕቱ አናት ላይ ሴት -ኢ (ትእዛዝ ሲወድቅ ስክሪፕቱን አቁም) መጻፍ ይረዳል፤ እኔም ሁልጊዜ እጽፈዋለሁ። ብቻውን ግን አልተማመንበትም፤ ኢፍ የሚፈትነው ትእዛዝ ወይም ከ&& በፊት ያለው ሲወድቅ አያቆምም።

የራሳችሁን ለመፈተን ፎልስ የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ሥራው መውደቅ ብቻ ነው። ከመስመሮቻችሁ መካከል አስገቡትና ሜክን አስኬዱ። ሳይቆም እስከ መጨረሻው ከሄደ፣ ቁጥሩ የጠፋው ፎልስን ካስገባችሁበት በኋላ ባለው ማያያዣ ላይ ነው።