ፊፍዝ ዊል ትሬለር ምንድን ነው? ለጡረታ ጉዞ ትልቁን ከመግዛታችሁ በፊት

እዚህ አሜሪካ ብዙ የኛ ሰው ዕድሜውን በትራክ ላይ ነው ያሳለፈው። ጡረታ ሲቃረብ ታዲያ «ይሄን ሁሉ አገር ሎድ ጭኜ አለፍኩት እንጂ ወርጄ አላየሁትም» የሚሉ አሉ። ከባለቤታቸው ጋር ቤት የሚያህል ተሳቢ ይዘው፣ ብርዱን አሪዞና፣ ሙቀቱን ሞንታና ማሳለፍ ያምራቸዋል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ችግሩ የሻጩ ግቢ ሲገባ ዓይን አዋጅ ይሆናል። ባለ 42 ጫማው፣ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ የሚወጡ አምስት ክፍሎች (ስላይዶች) ያሉት፣ የእሳት ምድጃ ያለው ሳሎን ልብ ይሰርቅና መጀመሪያ መታየት ያለበት ነገር ሳይታይ ይፈረማል።

ፊፍዝ ዊል በፒክአፕ የሚጎተት መኖሪያ ቤት ነው። ከሌላው ተሳቢ የሚለየው አያያዙ ነው። ተራው ተሳቢ ከመኪናው ጀርባ ባለች የብረት ኳስ ላይ ይያያዛል። ፊፍዝ ዊል ግን አፍንጫው ከፍ ብሎ ፒክአፑ ላይ ይወጣል፤ ከአፍንጫው ሥር ወደታች የወጣው ባለ 2 ኢንች ኪንግፒን፣ ከኋላው አክስል በላይ በተተከለው መያዣ መንጋጋ ውስጥ ይገባል። ባለ 18 ጎማ ለነዳ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፤ ትንሽ ቀለል ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ክብደቱ በአክስሉ ላይ ስለሚያርፍ በነፋስ ጊዜና ትልልቅ ትራክ ሲያልፋችሁ የኋላው ውዝዋዜ በጣም ይቀንሳል። ከፍ ያለው አፍንጫ ደግሞ መኝታ ቤት ይሆናል። ካምፕ ስትደርሱ ቤቱን አቁማችሁ በፒክአፑ ገበያ፣ ሐኪም ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳላችሁ። አንድ ቦታ ሳምንታትና ወራት ለሚቀመጥ ጡረተኛ ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። በየቀኑ ቦታ መቀየር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ትልቁ ፊፍዝ ዊል ያደክማችኋል፤ ራሱ ሞተር ያለው፣ አነስ ያለ አርቪ (ተንቀሳቃሽ ቤት) ብታዩ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አብዛኛው ሰው ትሬለሩን ይመርጥና «የኔ ፒክአፕ ይጎትተዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም «እንዴታ!» ይለዋል። ሞተሩ መጎተቱን ይጎትታል። መጎተትና መሸከም ግን ለየቅል ናቸው። ፊፍዝ ዊል ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶውን በፒኑ በኩል ፒክአፑ ላይ ይጭናል፤ ለትልልቆቹ 20 በመቶ ብላችሁ ብታሰሉ ብዙም አትሳሳቱም። ተራው ተሳቢ የሚጭነው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። መኪናው መሸከም የሚችለው ደግሞ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በምታገኟት ነጭና ቢጫ ተለጣፊ ላይ ተጽፏል፤ ሰዎቹና ጭነቱ አንድ ላይ ከዚህ ፓውንድ እንዳያልፉ ይላል። ፔይሎድ የሚባለው እሱ ነው። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ቁጥር የባዶውና የርካሹ ሞዴል ስለሆነ እሱን ተዉት፤ የምትገዙትን መኪና በር ራሳችሁ ክፈቱ።

በቁጥር እንየው። ሙሉ ጭነቱ 16,000 ፓውንድ የሆነ ትሬለር መረጣችሁ እንበል። ሃያ በመቶው 3,200 ነው። መያዣው ራሱ 200 አካባቢ ይመዝናል። ባልና ሚስት 350 በሏቸው። የመሣሪያ ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ የመኪናው ውስጥ ኮተት ሌላ 200 ይጨምራል። ድምሩ 3,950 ፓውንድ መጣ። ከከባዶቹ ፒክአፖች አነስ የሚለው፣ ባለ 2500 ወይም 250 የሚባለው ዲዝል፣ በተለይ ሙሉ ዕቃ ያለው፣ በሩ ላይ 2,000 እና ትንሽ ፈሪ ብቻ የተጻፈበት ብዙ ነው። ይሄን ትሬለር በዚያ መኪና መጎተት ጎማንና አክስልን ከአቅም በላይ ማስጨነቅ ነው። ከሱ ከፍ ያለው ባለ 3500 ወይም ኤፍ-350 ባለ አራት ጎማ ለጥቂት ሊችለው ይችላል፤ ልባችሁ የሚያርፈው ግን ከኋላ ድርብ ጎማ ባለው ዱዋሊ ነው፤ የሱ ፔይሎድ ከ5,000 በላይ የሚደርስበት አለ። ስለዚህ ባጀት ስታወጡ ትሬለሩንና ፒክአፑን እንደ አንድ ዕቃ አስሉት። ገንዘቡ ሁሉ ትሬለሩ ላይ አልቆ በድሮው መኪና መሄድ ብዙ ሰው የሚገባበት ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ትሬለሩ ላይ የተጻፈው ደረቅ ክብደት ውሃ፣ ልብስ፣ ድስትና ምግብ ሳይገባበት ነው። ውሃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 60 ጋሎን ታንክ ስትሞሉ 500 ፓውንድ ጨመራችሁ ማለት ነው። ሁልጊዜ በሙሉ ጭነቱ አስሉ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ያንኑ የምታውቁትን የትራክ ስቶፕ ሚዛን ተጠቀሙ፤ አንዴ ከነትሬለሩ፣ አንዴ ትሬለሩን ፈታችሁ። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ፣ በፒክአፑ አክስሎች ላይ ያረፈው ክብደት ልዩነት የፒኑ እውነተኛ ክብደት ነው።

ማያያዝ ላይ የትራክ ልምድ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ልዩነቶቹን እወቁ። እዚህ አየር ፍሬን የለም። የትሬለሩ ፍሬን ኤሌክትሪክ ነው፣ ሾፌሩ አጠገብ ባለች መቆጣጠሪያ ይመጠናል፤ ገመዱ ባለ ሰባት ፒን ነው፤ ትሬለሩ ቢለቅ ደግሞ ፍሬኑን የምታስይዝ ቀጭን ሽቦ አለች፣ እሷን ፒክአፑ ላይ ማሰር አይረሳም። ወደ ኋላ ስትገቡ ኪንግፒኑ ያለበት የትሬለሩ ጠፍጣፋ ብረት ከመያዣው ትንሽ ዝቅ ብሎ መጀመር አለበት። ከፍ ካለ ፒኑ መንጋጋው ውስጥ ሳይገባ ከላይ ይቀመጣል፣ የገባ ይመስላል፣ ከዚያ ስትነሱ ቤቱ በሙሉ ፒክአፑ ጎን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በባትሪ ጎንበስ ብላችሁ መንጋጋው ፒኑን ከኋላ መዝጋቱን በዓይናችሁ እዩ። እጀታው ተቆልፏል? መቆለፊያዋ ገብታለች? ከዚያ የትሬለሩ መቆሚያ እግሮች መሬት እንደነኩ የትሬለሩን ፍሬን በእጅ ይዛችሁ መኪናውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊት ሳቡ። ካልተላቀቀ ነው እግሮቹ የሚነሱት። አልጋው (የኋላ መጫኛው) አጭር የሆነ ፒክአፕ ካላችሁ በጠባብ መታጠፊያ የትሬለሩ አፍንጫ የኋላ መስታወታችሁን ሊሰብር ስለሚችል ወደ ኋላ የሚንሸራተት መያዣ ያስፈልጋል። ባለ 8 ጫማው አልጋ ይሄን ሐሳብ ያቀልላችኋል።

ርዝመት ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ባለ 42 ጫማ ትሬለርና ፒክአፕ አንድ ላይ 60 ጫማ አካባቢ ይሆናል፣ ቁመቱ ደግሞ 13 ጫማ አልፎ ይሄዳል። የብሔራዊ ፓርክ ካምፖች ብዙዎቹ የተሠሩት ተሳቢ ሁሉ ትንሽ በነበረበት ዘመን ነው፤ ቦታቸው አጭር፣ መታጠፊያቸው ጠባብ፣ ዛፉ ዝቅ ያለ ነው። ዩታ ያለው የዛየን ዋሻ በ1930 የተከፈተ ነው፣ እንዲህ ያለ ትሬለር በዚያ አያልፍም። ሞንታና ግላሲየር ፓርክ ውስጥ ተራራውን የሚያቋርጠው ጎይንግ ቱ ዘ ሰን መንገድ ከ21 ጫማ በላይ የሆነን አያስገባም። ይሄ ማለት ፓርኮቹ አይታዩም ማለት አይደለም፤ ትሬለሩን ከውጭ በግል ካምፕ አቁማችሁ በፒክአፑ ትገባላችሁ፤ ረዥም ፒክአፕ ከሆነ ግን ያችን 21 ጫማ ለኩ። ፓርክ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ማደር ነው ሕልማችን ካላችሁ ግን ከ30 ጫማ አትለፉ። የብርዱን ወራት አሪዞና ኳርትዝሳይት አካባቢ በረሃው ላይ፣ በፌደራል መሬት፣ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 በፈቃድ የሚቀመጡት ጡረተኞች ዘንድ ትልቁ ትሬለር ምንም አይቸገርም። መጀመሪያ ካርታ ላይ የምትሄዱባቸውን ቦታዎች ጻፉ፣ ትሬለሩ ከዚያ ይመጣል።

ውስጡን ስታዩ ሳሎኑን ቶሎ እለፉት። ስላይዶቹን ሻጩ ጋ ሁሉም ወጥተው ነው የምታዩዋቸው። ዝጉልኝ በሉ። ተዘግቶ ሳለ ማቀዝቀዣው ይከፈታል? ሽንት ቤት ይደረሳል? መንገድ ላይ ስትቆሙ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። መኝታ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ደረጃ ከፍ ይላል፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ሌሊት ስትነሱ እንዴት እንደምትወርዱ እዚያው ወጥታችሁ ውረዱ። አልጋው ላይ ተኙ፣ ሻወሩ ውስጥ ቁሙ።

መብራቱንም ጠይቁ። ትልልቆቹ ባለ 50 አምፕ ናቸው፣ ይሄም እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል። ባለ 30 አምፑ 3,600 ዋት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 1,500 ዋት ቢስብ ብቻውን 12 አምፕ ተኩል ወሰደ፤ ኤር ኮንዲሽነር እየሠራ ማይክሮዌቭ ብትጨምሩ ባለ 30ው ይዘጋል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ባለ 50 ይሁን ባይ ነኝ፣ አየር ማስወጫውም ጠንካራ ይሁን፤ የምጣዱ እንፋሎት በጠባብ ቤት ግድግዳውን ያረጥባል። ቡናው ደግሞ ውጭ፣ ከጥላው ሥር ይቆላ። ጭስ ጠቋሚው ጣሪያው ላይ ቅርብ ነው።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? አዲስ ትሬለር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው በኃይል ይወርዳል፣ ስለዚህ የሦስት አራት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ በደንብ የተያዘ ለእኔ ይሻላል። ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ጣሪያው ላይ ውጡ፣ ስፌቱ ላይ ያለው ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ እዩ። የውጭ ግድግዳውን በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ ያበጠ፣ የተንሳፈፈ ቦታ ካለ ውሃ ከውስጥ ገብቷል ማለት ነውና ጥላችሁ ውጡ። ጎማ ላይ ካሉት ፊደላት መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2319 ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የትሬለር ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይበላሻል፣ ስድስት ዓመት ካለፈው አዲስ ግዙና ዋጋውን ከክፍያው አስቀንሱ። ገለልተኛ መርማሪ ቅጠሩ፤ ለእሱ የምትከፍሉት ከአንድ የበሰበሰ ወለል ጥገና ጋር አይወዳደርም። ዓመቱን ሙሉ ልትኖሩበት ካሰባችሁ ደግሞ የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ። ብዙ ፋብሪካዎች ቋሚ መኖሪያ ሆኖ ከተገኘ ዋስትናው አይሠራም ብለው ይጽፋሉ። ኢንሹራንሱም በዚያው መሠረት መሆን አለበት።

መንጃ ፈቃድም አለ። ካሊፎርኒያ ከ15,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ፊፍዝ ዊል የግል ክላስ ኤ ትጠይቃለች፤ ቴክሳስም ትሬለሩ ከ10,000 ጥምሩ ከ26,000 ፓውንድ ሲያልፍ እንዲሁ። ሲዲኤላችሁን (የንግድ መንጃ ፈቃዳችሁን) መልሳችሁ ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ከመውረዳችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ እዩ፤ አንዴ ከለቀቃችሁት እንደገና ፈተና ሊሆን ይችላል። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የፌደራል ፓርኮች መግቢያ ካርድ ያገኛል፣ በብዙ የፌደራል ካምፖችም ግማሽ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ከባልና ሚስት አንዱ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ያ ከመንገዱ በፊት ይስተካከል። ዋዮሚንግ መሃል ሾፌሩ ቢታመም ሌላው ሰው ቤቱን ፈቶ ፒክአፑን ይዞ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ፈልጋችሁ ሁለታችሁም አያይዙ፣ ሁለታችሁም ፍቱ፣ ሁለታችሁም ወደ ኋላ አስገቡ።

ሕክምናውም ከዚሁ ጋር ይታያል። 65 ሲሞላ የመንግሥቱ የጤና ኢንሹራንስ ሜዲኬር ይመጣል፤ ኦሪጅናል የሚባለው በመላው አሜሪካ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ጋ ሁሉ ይሠራል። በግል ድርጅቶች በኩል የሚሰጡት፣ ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባሉት ብዙዎቹ ግን ከድንገተኛ ሕመም ውጭ በአካባቢያቸው ሐኪሞች የተወሰኑ ናቸው፣ ስድስት ወር ሌላ ግዛት ለሚቀመጥ ሰው አይመቹም። ፕላን በዋናነት የሚቀየረው በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። ከአድቫንቴጅ ወደ ኦሪጅናል ስትመለሱ ሜዲጋፕ የሚባለውን ተጨማሪ ኢንሹራንስ የሚሸጠው ድርጅት በአብዛኛው ግዛት ስለ ጤናችሁ ጠይቆ ሊከለክላችሁ ስለሚችል፣ ገና 65 እየሞላችሁ ያላችሁ ምርጫችሁን ስታደርጉ ጉዞውን አስባችሁ ይሁን።