ተጋሪ ላይብረሪ ምንድን ነው? ከአንዱ ዩኒክስ ወደ ሌላው ሲሻገርስ ለምን ይሰናከላል?

ጎንደር ፒያሳ የሚገኝ አንድ ሆቴል ለጥምቀት ሰሞን የክፍል መመዝገቢያ ፕሮግራም አሠራ እንበል። ጥር 11 በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን 20 ይሆናል። ይህን የሚያሰላውን ኮድ ፕሮግራሙ በውስጡ አልያዘም፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሲያስፈልገው ለብቻው ከተቀመጠ ፋይል ይጭነዋል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት እንዲህ ያለ ፋይል ተጋሪ ላይብረሪ ይባላል። ስሌቱ መታረም ቢኖርበት ላይብረሪውን ብቻ መተካት ይበቃል።

ጣጣው የሚመጣው ፕሮግራሙ ሊኑክስ ላይ ተጽፎ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ማክ ሲሆን ነው። ሁለቱም ዩኒክስ የሚባለው ነባር የኮምፒውተር ስርዓት ዘመዶች ናቸው፤ ሁለቱም ላይብረሪ የሚጭኑት ዲኤልኦፕን በሚባለው ጥሪ ነው። ድሮ ይህም ስምምነት አልነበረም፤ የኤችፒ ኩባንያ ዩኒክስ የሆነው ኤችፒ-ዩኤክስ የራሱ ሌላ ጥሪ ነበረው። ለዩኒክስ መሰል ስርዓቶች የጋራ ደንብ የሆነው የፖዚክስ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2001 ዲኤልኦፕንን አካተተ፤ ፋይሉ ምን ተብሎ እንደሚሰየምና የት እንደሚፈለግ ግን አልደነገገም። የተቀባዩን ስምም ሰፈርም ሳይናገር ዕቃ እንደሚልክ ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ የፋይሉ ቅጥያ (የስሙ መጨረሻ) ሊኑክስ ላይ ኤስኦ፣ ማክ ላይ ዳይሊብ ነው። የአይቢኤም ዩኒክስ የሆነው ኤአይኤክስ ደግሞ ላይብረሪውን በማኅደር ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ቅጥያውን ለውጦ መገላገል የሚያምረው ብዙ ነው፤ አይሆንም። የሊኑክሱ ፋይል በኤልፍ፣ የማኩ በማክ-ኦ ቅርጽ የተሠራ በመሆኑ ከምንጭ ኮዱ እንደገና ኮምፓይል መደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም) አለበት። ማክ ላይ የባሰ ወጥመድም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 11ኛው እትም ጀምሮ የስርዓቱ የራሱ ላይብረሪዎች በዲስክ ላይ በየፋይላቸው አይገኙም፤ በአንድ የጋራ ማከማቻ ታጭቀዋል። «መጀመሪያ ፋይሉ መኖሩን ላረጋግጥ» የሚል ጠንቃቃ ፕሮግራም የለም ብሎ ይመለሳል፤ በቀጥታ ቢጭነው ግን ይሳካለት ነበር።

አንድ ዓይነት ስርዓት መምረጥም ዋስትና አይሆንም። ሊኑክስ ራሱ ጂሊብሲ ወይም መስል በሚባል መሠረታዊ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ ላይ ይቆማል፤ አዲስ ጂሊብሲ ላይ የተሠራ ላይብረሪ በአሮጌው ላይ እሺ ላይል ይችላል። መስል ደግሞ አንዴ የተጫነን ላይብረሪ ከማስታወሻ አያስወጣም፤ የተጫነን ላይብረሪ ለመልቀቅ የሚያገለግለው ዲኤልክሎዝ ቢጠራም ላይብረሪው ከነነባር እሴቶቹ በማስታወሻው ውስጥ ይቆያል። መስፈርቱ ይህንንም ይፈቅዳል።

በእኔ እይታ ቅጥያውን በኮዱ ውስጥ በየቦታው መበተን ነው ዋናው ጥፋት። አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፤ ወይም ይህን ልዩነት ለመሸፈን የተሠራው የሊብቱል መሣሪያ ይያዝ። ጭነቱ ሲከሽፍም «አልተገኘም» ብሎ ከማለፍ የስህተቱን ምክንያት የሚናገረው ዲኤልኤረር የተባለ ጥሪ የሚመልሰው መልእክት እንዳለ ይታይ፤ የጠፋው ፋይሉ ራሱ ይሁን ፋይሉ የሚፈልገው ሌላ ላይብረሪ፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከዚያ ነው።