ሳይታሰብ የመጣ የመብራት ውዝፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባሴ አካባቢ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያስረክቡ አንዲት ጎረቤት አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. ለ9 ወራት ያህል የመብራት ቢል ሳይወጣላቸው ቆየ፤ በየወሩ ሊከፍሉ ሲሄዱም «በስምዎ የሚታይ ዕዳ የለም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር። በ10ኛው ወር ግን 1,800 ኪሎዋት ሰዓት የአንድ ወር ፍጆታ ተደርጎ ተመዘገበና ከ4,000 ብር በላይ የሆነ ሒሳብ በአንድ ጊዜ ተጠየቁ። በዚያ ሰሞን ከጎረቤት፣ ከዘመድና ወረፋ ላይ ካገኟቸው ሰዎች ብዙ ምክር ተሰጣቸው። ሁሉም ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም አብዛኛው የተሳሳተ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህም ያንኑ ምክር ከጫጫ እስከ መሐል ሜዳ በተደጋጋሚ ስለሰማሁት፣ እውነታውን ከእያንዳንዱ አባባል ጎን ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

«ቢሉ በኮምፒውተር የወጣ ስለሆነ አይሳሳትም»

ኮምፒውተሩ የሚሠራው የተሰጠውን ቁጥር መቀነስና ማባዛት ብቻ ነው። ከአሁኑ የቆጣሪ ንባብ ላይ ያለፈውን ንባብ ይቀንሳል፤ ልዩነቱን በታሪፉ አባዝቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ቁጥሩን ከቆጣሪው ላይ አንብቦ የሚመዘግበው ግን ሰው ነው። አንባቢው በዝናብ ወይም በበር መዘጋት ምክንያት ሳይደርስ ቀርቶ ንባቡ በግምት ሊሞላ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ሊለዋወጡ፣ ቆጣሪ ሲቀየርም የአዲሱ መነሻ ንባብ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። በብዙ የቆዩ ባለ ጥርስ ቆጣሪዎች ላይ የመጨረሻዋ ቀይ አኃዝ የኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ናት። በጥቁር 04218፣ በቀይ 6 የሚያሳይ ቆጣሪ «42186» ተብሎ ከተመዘገበ፣ የቆጣሪው ንባብ በወረቀት ላይ አሥር እጥፍ ሆኖ ያርፋል።

ስለዚህ ቢል ሲመጣ ከብሩ መጠን በፊት መታየት ያለበት «የአሁኑ ንባብ» የሚለው ቁጥር ነው። ቆጣሪ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይቆጥርም፤ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ከሳምንት በፊት ተነበበ ተብሎ ቢሉ ላይ ከሰፈረው ካነሰ፣ ስህተቱ ክርክር ሳያስፈልገው ታይቷል ማለት ነው። በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ በቂ ማስረጃ ይሆናል። ቀጥሎ የቆጣሪውን መለያ ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለትና ሦስት ቆጣሪ በአንድ ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ግቢ የአንዱ ፍጆታ ለሌላው መጻፉ እንግዳ ነገር አይደለም። የራስን ብሬከር አጥፍቶ የትኛው ቆጣሪ መዞሩን ወይም ብልጭ ድርግም ማለቱን እንዳቆመ ማየት ጥርጣሬውን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይለያል።

ቆጣሪው ራሱ ይሮጣል የሚል ስጋት ያለው ሰው በምጣድ ሊፈትነው ይችላል። በቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ የሚወስድ በመሆኑ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢጋገር ቆጣሪው 3 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ መጨመር አለበት። ሰባት ወይም ስምንት ከጨመረ የቆጣሪ ፍተሻ ይደረግልኝ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ጎረቤቴም ይህንኑ አደረጉ፤ የእርሳቸው ቆጣሪ ግን ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። 1,800 ኪሎዋት ሰዓቱ በእርግጥም የተጠቀሙበት ነበር።

«ስህተቱ የእነሱ ስለሆነ አንድ ሳንቲም አልከፍልም»

ይህ አባባል ንዴት የወለደው ስለሆነ ይገባኛል። ወር እየጠበቀ ሊከፍል የሄደን ሰው መልሶ፣ ኋላ ላይ የዓመቱን በአንድ ጊዜ አምጣ ማለት ቅር ያሰኛል። ይሁን እንጂ መብራቱ በርቷል፣ ምጣዱም ግሏል፤ የተጠቀሙበት ኃይል ዋጋ በውል የመጣ ግዴታ ስለሆነ፣ ቢሉ መዘግየቱ ግዴታውን አያጠፋውም። እውነተኛው ጥያቄ «እከፍላለሁ ወይስ አልከፍልም» ሳይሆን «ስንት ኪሎዋት ሰዓት፣ የየትኛው ወር፣ በየትኛው ዋጋ» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም እዚሁ ላይ ነው።

የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ባለ እርከን ታሪፍ ነው። ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በነበረው ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ሲከፍል፣ እስከ 200 ለሚደርሰው 1 ብር ከ63 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ ለሚሆነው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። የጎረቤቴ 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ለ9 ወራት ሲካፈል በወር 200 ይሆናል። እያንዳንዱ ወር ለብቻው ቢሰላ ከአገልግሎት ክፍያ ውጪ ያለው ጠቅላላ ሒሳብ ቢበዛ 2,925 ብር ነው። ሁሉም በአንድ ወር ላይ ስለተከመረ ግን የመጨረሻው እርከን ላይ ወጥቶ ከ4,000 ብር አለፈ። የተጠቀሙት ኃይል በአንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አልጨመረም፤ የጨመረው ዋጋው ነው፣ የጨመረውም እርሳቸው ባላጠፉት ጥፋት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስም የቤት ፍጆታ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚመጣ በመሆኑ፣ ክምችቱ ታክስ የማይነካውን ቤት ታክስ ከፋይ ሊያደርገው ይችላል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጉዳዩ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። አዲሱ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እያደገ እንዲሄድ የተደረገ ስለሆነ፣ የጥቅምት ፍጆታ በሰኔ ዋጋ ከተሰላ ተጠቃሚው በእርከኑም በጊዜውም ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስለዚህ ውዝፍ የመጣበት ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ በየወቅቱ ታሪፍ እንደገና ይሰላልኝ» የሚል መሆን አለበት። ይህ ልመና አይደለም፤ ቢሉ በጊዜው ቢወጣ ኖሮ ይከፈል የነበረውን ትክክለኛ ሒሳብ መጠየቅ ነው። ጎረቤቴ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ላይ የጻፉት ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ፈጀ፤ ሒሳቡ ግን ተስተካከለላቸው።

ወፍጮ፣ የእንጨት ሥራ ወይም አነስተኛ ፋብሪካ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ውዝፍ ሊገጥመው ይችላል። ከፍተኛ ኃይል በሚወስድ መስመር ላይ ቆጣሪው የሚያነበው በከረንት ትራንስፎርመር ተቀንሶ የሚደርሰውን ነው፤ ትራንስፎርመሩ 100 በ5 ከሆነ፣ ማለትም 100 አምፔሩን ወደ 5 አምፔር የሚቀንስ ከሆነ፣ ንባቡ በ20 መባዛት አለበት። ማባዣው ተረስቶ ከቆየ ደንበኛው ለወራት የፍጆታውን አንድ ሃያኛ ብቻ ሲከፍል ይኖርና አንድ ቀን አሥራ ዘጠኙን ሃያኛ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ቆጣሪ የሚያስገባ ባለ ድርጅት ማባዣው ስንት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቆ፣ የመጀመሪያውን ቢል በእጁ አባዝቶ ቢያረጋግጥ ከብዙ መከራ ይድናል።

«ከአንድ ዓመት ያለፈ ውዝፍ በሕግ አይከፈልም»

ይህንን ከውጭ አገር ዘመዶቻቸው የሰሙ ሰዎች በሙሉ እምነት ይናገሩታል። ደንቡ እውነት ነው፤ አገሩ ግን ሌላ ነው። በብሪታንያ ኦፍጌም የተባለው የኃይል ተቆጣጣሪ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣው ግዴታ መሠረት አቅራቢው በራሱ ጥፋት ያላስከፈለውን ከ12 ወር በላይ የቆየ ፍጆታ ከቤተሰብ ደንበኛ መጠየቅ አይችልም። እኛ ዘንድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 በውል ላይ ለሚመሠረት ጥያቄ የሚያስቀምጠው ጠቅላላ የይርጋ ዘመን (ካለፈ በኋላ ጥያቄው በሕግ ቀሪ የሚሆንበት ጊዜ)፣ ሌላ ሕግ በልዩ ሁኔታ ካልወሰነ በቀር፣ 10 ዓመት ነው። የብሪታንያው ዓይነት ደንብ እዚህ ቢኖር ቢል የማውጣትን ኃላፊነት ትክክለኛው ቦታ ላይ ያሳርፈው ነበር ብዬ አምናለሁ። የሌለን መብት ይዞ ቢሮ መግባት ግን ያለውንም መብት ያስንቃል።

«ቅሬታ ካቀረብኩ እስኪፈታ ድረስ መክፈል የለብኝም»

በክርክር ላይ ያለው ውዝፉ ነው፤ የዚህ ወር ፍጆታ አይደለም። የማያከራክረውን ያለመክፈል ለአቅራቢው መስመር የመቁረጥ ምክንያት ይሰጠዋል፣ ቅን ደንበኛ የሚለውን ስምም ያሳጣል። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ሲከፈል ብዙውን ጊዜ የሚታየው ውዝፉን ጨምሮ የተደመረው ገንዘብ በመሆኑ፣ የወሩን ብቻ ለመክፈል ወደ አገልግሎት ማዕከሉ በአካል ሄዶ እንዲለይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ላይ የየትኛው ወር ክፍያ እንደሆነ መጻፉን ሳያዩ መውጣት አይገባም።

«ካልከፈልኩ ነገ ይቆርጡብኛል፣ ተበድሬም ቢሆን ልዝጋው»

ይህ ፍርሃት ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ሲያደርስ አይቻለሁ። የዕቁብ ተራ የሸጠ፣ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ያወጣ፣ በአራጣ የተበደረ ሰው አለ። ውዝፉ ትክክል ሆኖ እንኳ ቢገኝ ክፍያው በክፍል በክፍል እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው ሲቀርብ በወር ስንት መክፈል እንደሚቻል ቁጥሩን ጠያቂው ራሱ ቢጠቅስ ይሻላል። የውዝፉ ዘመን 9 ወር ከሆነ ለ9 ወር ይከፋፈልልኝ ማለት ማንም ሊረዳው የሚችል አነጋገር ነው። ስምምነቱ በቃል ብቻ ከቀረ ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ ሠራተኛ መስኮቱ ላይ ሲቀመጥ አይገኝም።

መስመሩ ተቆርጦ እንደሆነ በራስ ወይም በሰፈር ኤሌክትሪሽያን መልሶ መቀጠል ወይም የቆጣሪውን ማኅተም መክፈት ፈጽሞ አይገባም። ሕይወትን ያጠፋል፤ ከመትረፍ በኋላም ቅሬታ አቅራቢውን ወደ ተከሳሽነት ይለውጠዋል።

«ካርድ የሚሞላበት ቆጣሪ ውዝፍ የለውም»

በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ አዲስ ዕዳ የመከማቸቱ ዕድል ጠባብ ነው። ነገር ግን ከድኅረ ክፍያ ሲቀየር የነበረ ሒሳብ ካርድ በተሞላ ቁጥር በከፊል ሊቀነስ ይችላል፤ ቤቱ በስህተት በንግድ ታሪፍ ከተመዘገበም የሚገኘው ኪሎዋት ሰዓት ያንሳል። በ500 ብር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተገኘ ከባለፈው ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያሳያል።

«ሰው ካላወቁ አይስተካከልም»

በሰው በኩል የተስተካከለ ሒሳብ ፋይል ላይ ምክንያቱ ስለማይገኝ፣ በኦዲት ጊዜ ተመልሶ ዕዳ ሆኖ ሲመጣ የሚከላከል ወረቀት የለም። የሚያዋጣው ሁለት ኮፒ ማመልከቻ ጽፎ፣ የቆጣሪውን ፎቶና የቀደሙትን ደረሰኞች አያይዞ፣ በአንዱ ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተቀብሎ መመለስ ነው። ከእነዋሪ ወይም ከዓለም ከተማ ገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ለዚህ ሲል ሙሉ ቀን የሚያጠፋ ገበሬ፣ ያቺ ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ከሌለችው በሚቀጥለው ጊዜ ነገሩን ከዜሮ ይጀምራል። መልስ ካልተገኘ ቅሬታው ከማዕከሉ በላይ ላሉት የአቅራቢው ጽሕፈት ቤቶች፣ ከዚያም የኃይል ዘርፉን ለሚቆጣጠረው ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይቀርባል፤ የአስተዳደር በደል በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። እነዚህ አካላት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አቅራቢውን በጽሑፍ ጠይቀሃል ወይ?» ብለው ነው።

«ውዝፉ የቤቱ ነው፣ የገባበት ሰው ይከፍላል»

ቤት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ከመግባቱ በፊት የተቃጠለውን ኃይል በሌላ ሰው ውል ስም እንዲከፍል መደረግ የለበትም። ይህን ማስረዳት የሚቻለው ግን ቁልፍ በተቀበሉበት ቀን ቆጣሪው ላይ የነበረው ቁጥር በውሉ ላይ ከተጻፈ ነው። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢም፣ ባለቤቱ የመጣውን ውዝፍ በዛሬዎቹ ተከራዮች ቁጥር ከማካፈሉ በፊት የትኛው ወር ማን ይኖር እንደነበር መለየት ይጠበቅበታል።

«አንዴ ከከፈልኩ በኋላ አይመለስም»

በፍርሃት ሙሉውን የከፈለ ሰው ስህተቱ ኋላ ቢታወቀው መብቱ አላለፈም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2164 ሊከፍል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በተግባር ገንዘቡ በእጅ ከሚሰጥ ይልቅ ለሚቀጥሉት ወራት ቢል ማቻቻያ ሆኖ ቢያዝ ስለሚቀል፣ ማመልከቻው ላይ ሁለቱንም አማራጮች መጥቀስና የሚቻቻለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በብር ማስፈር ይገባል።